ያልተላከው ፖስታ

በፌብሩዋሪ 2003 ሲያትል የሚገኘው «ሰብ ፖፕ» የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ አንድ አልበም አወጣ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የባንዱ ስም «ዘ ፖስታል ሰርቪስ»፣ የአልበሙ ደግሞ «ጊቭ አፕ» ነው። 10 ዘፈን፣ 45 ደቂቃ ገደማ። ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የሮክ ባንድ ድምፃዊ ነበር፤ ሌላው ቤቱ ተቀምጦ በኮምፒውተር የሚያቀናብር ሙዚቀኛ። ለሁለቱም ዋና ሥራቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፎ ሌላም ተጨምሮበታል፤ ሁለተኛ አልበም የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አንድ አልበም አውጥቶ የሚጠፋ ሙዚቀኛ ሞልቷል። አንዱን ሞት ይቀድመዋል፣ ሌላውን ሱስ ይጥለዋል፣ ሌላው ከባልደረባው ጋር በገንዘብ ይጣላል፣ አብዛኛው ደግሞ ሰሚ አጥቶ ይቀራል። ለእነዚያ ሰው ያዝናል፣ ይረሳልም። የዚህ አልበም ሠሪዎች ቤን ጊባርድና ጂሚ ታምቦሬሎ ግን አልሞቱም፣ አልተጣሉም፣ ሰሚም አላጡም። እንዲያውም ሰሚው በሩ ላይ ተሰልፎ ሲጠብቃቸው ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ወቃሽና ተወቃሽ በሌለበት፣ ማንም ማንንም ሳይበድል እንዲህ ያለ ነገር ሲባክን፣ ንዴቱን የሚያሳርፉበት ቦታ እንኳ ይጠፋል።

ነገሩ የጀመረው በ2001 ነው። ሎስ አንጀለስ የሚኖረው ታምቦሬሎ «ዲንቴል» በሚል ስም «ላይፍ ኢዝ ፉል ኦቭ ፖሲቢሊቲስ» የተሰኘ አልበም ሲያወጣ፣ በተለያዩ ዘፈኖች ላይ እንዲያዜሙለት ድምፃውያንን ጋብዞ ነበር። ከተጋባዦቹ አንዱ ጊባርድ ነው። ጊባርድ ያኔ ከሲያትል በስተሰሜን ባለችው በቤሊንግሃም የተመሠረተው የ«ዴዝ ካብ ፎር ኪውቲ» መሪ ድምፃዊ፣ ግጥም ጸሐፊና ጊታር ተጫዋች ነበር። ሁለቱ አብረው የሠሩት ያ አንድ ዘፈን፣ «ዘ ድሪም ኦቭ ኢቫን ኤንድ ቻን»፣ ከአልበሙ ሁሉ ነጥሮ ወጣ። አንዱ የሌለውን ሌላው ይዟል፤ ይህን ለመረዳት የሙዚቃ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር፣ እነሱም ወዲያው ገባቸው።

አሠራራቸውን ዘርዘር ማድረግ አለብኝ። ታምቦሬሎ ሎስ አንጀለስ፣ ጊባርድ ሲያትል ናቸው፤ መካከላቸው ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ታምቦሬሎ በሲንተሳይዘርና በኮምፒውተር የሠራውን፣ ድምፃዊ ያልገባበትን ቅንብር ይቀዳና በፖስታ ይልካል። ጊባርድ ሲደርሰው ደጋግሞ ይሰማዋል፤ የሚያጥርበትን ያስረዝማል፣ የተንዛዛውን ይቆርጣል፣ ዜማ ያወጣለታል፣ ግጥም ይጽፍለታል፣ ድምፁን ይቀዳበታል፣ ሲያሻው ጊታር ወይም ከበሮ ይጨምርበታል፣ ከዚያ መልሶ በፖስታ ይልከዋል። ጥቅሉ እንዲህ ሲመላለስ ዘፈኑ ያልቃል፤ ከዚያ ሌላ ጥቅል። የባንዱም ስም የተገኘው ከዚሁ ነው።

አልበሙን አልበም ያደረገው ይህ ርቀት ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ የሮክ ባንድ ልምምድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው አለ። አንዱ ሐሳብ ሲያመጣ ሦስቱ ፊታቸው ላይ የሚነበበውን ያያል፤ ከበሮ መቺው ይሰለቻል፣ ቤዝ ተጫዋቹ «ይሄማ የእኛ አይደለም» ይላል፣ ሐሳቡም እዚያው ይሞታል። እዚህ ግን ጊባርድ ብቻውን ነው። የደረሰው ቅንብር ያልለመደው ዓይነት ነው፣ ጊታር የለውም፣ ምቱ ለዳንስ የሚሆን ነው፣ የሚያሳፍረው ሰውም አጠገቡ የለም። ስለዚህ ለራሱ ባንድ ቢያመጣው ኖሮ ምናልባት አንገቱን የሚያስደፋውን ግልጽ፣ ጣፋጭ፣ ቶሎ በአፍ የሚገባ ዜማ ሳይፈራ አወጣ። ታምቦሬሎም በበኩሉ የላከው ነገር ምን ሆኖ እንደሚመለስ አያውቅም። መጠበቅ አለበት። ጥቅሉን ሲከፍት የሚሰማው የራሱ ሥራ ነው፣ የራሱ ሥራ ግን አይደለም።

«ሰች ግሬት ሃይትስ» የተባለውን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ለሰማ ሰው መግቢያው አይረሳም። አጫጭር የሲንተሳይዘር ድምፆች ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው እየዘለሉ ይመላለሳሉ። ለጥቂት ሰኮንዶች ሌላ ምንም የለም። ቀስ እያለ ምቱ ይገባል፣ የጊባርድ ድምፅ ይከተላል። ድምፁ ቀጭን ነው። አይጮህም፣ ራሱን አያሳይም፣ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ ይጠራል። ከማሽን በወጣ ደረቅ ድምፅ ላይ እንዲህ ያለ የሰው ድምፅ ሲያርፍበት የሚፈጠረውን ነገር ከዚያ በፊት የሞከሩት ነበሩ፤ በዚህ ዓይነት እርጋታና ቅንነት የሠራው ግን ጥቂት ነው።

«ናቲንግ ቤተር» ደግሞ የተለያዩ ፍቅረኛሞች ምልልስ ነው። ወንዱ ይለምናል፤ አብረው ቢሆኑ የሚኖራቸውን ኑሮ አሳምሮ ይስላል። ጄን ዉድ የተባለችው ዘፋኝ በሴቷ ቦታ ትገባና የሚለው ሁሉ እንደዚያ እንዳልነበር አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች። አብዛኛው የመለያየት ዘፈን የሚያሰማን የአንዱን ወገን ክስ ነው። እዚህ የተከሰሰችው መልስ አላት፣ መልሷም ከክሱ ይጠነክራል፣ ሰውየውም ተሸንፎ ይቀራል። ይህን በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ እያስጨፈሩ መሥራት ቀላል ነገር አይደለም።

«ዊ ዊል ቢካም ሲሉዌትስ» ዓለም በቦምብ ከጠፋች በኋላ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው የሚያወራው ነው፤ ዜማው ግን ሕፃን ልጅ መንገድ ላይ ሊያንጎራጉረው ይችላል። መክፈቻው «ዘ ዲስትሪክት ስሊፕስ አሎን ቱናይት» ዋሽንግተን ዲሲ ሄዳ አዲስ ኑሮ የጀመረች ፍቅረኛውን ሊጠይቅ ስለሄደ፣ እዚያም ባዳ እንደሆነ ስለገባው ሰው ነው። ከተማዋ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የስደት ሁለተኛ ቤት ናትና፣ ዲሲ የሚኖር አንባቢ ይህን ዘፈን እንዲሰማው እመክራለሁ፤ በሌላ ሰው ኑሮ ውስጥ እንግዳ ሆኖ መቆም ምን እንደሚመስል ማንም አያስረዳውም፣ ያውቀዋል። ዘፈኑ በዝግታ ተነስቶ፣ መሃል ላይ ምቱ ሲፈጥን፣ ሰውየው ከዚያች ከተማ ለመውጣት የቸኮለ ያህል ነው።

የመጨረሻው «ናቹራል አንተም» አብዛኛው ክፍል ቃል የለበትም። ከበሮው ይንደረደራል፣ ድምፁ እየተደራረበ እየወፈረ ይሄዳል፣ ጊባርድ የሚመጣው ወደ ማብቂያው ነው፣ ጥቂት ይልና ያልቃል። ይህን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር ሰዎቹ እየጨረሱ አይመስሉኝም፤ ገና የእጃቸውን አቅም ማየት መጀመራቸው ነው። ሌሎቹ ዘጠኙ ዘፈኖች ፖፕ ናቸው፣ ይህኛው ደግሞ ፖፑ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ያመለክታል። መንገዱ ተጠረገ፣ ማንም አልሄደበትም።

ሥራው በሁለቱ ብቻ የተሠራ አልነበረም። የ«ሪሎ ካይሊ» ባንዷ ጄኒ ሉዊስ በብዙ ዘፈኖች ላይ ድምፅዋን ጨምራለች፣ ኋላም በመድረክ የባንዱ ሦስተኛ ሰው እስክትመስል አብራቸው ሠርታለች። የጊባርድ የባንድ ባልደረባ ክሪስ ዋላም እጁ አለበት። ይህን የማነሳው ምክንያት አለኝ፦ ለሁለተኛ አልበም የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ በአጠገባቸው ነበር።

አልበሙ ሲወጣ ብዙ የተጮኸለት አልነበረም። በ2003 ጸደይ ጥቂት ኮንሰርት አሳዩ፣ ከዚያ ጊባርድ ወደ ባንዱ፣ ታምቦሬሎ ወደ ቤቱ ተመለሱ። አልበሙ ግን ባለቤቶቹ ጥለውት ቢሄዱም ብቻውን ሥራውን ቀጠለ። ከሰው ወደ ሰው፣ ከአንዱ የተማሪ መኝታ ክፍል ወደ ሌላው ተሻገረ። «አይረን ኤንድ ዋይን» በሚል ስም የሚዘፍነው ሳም ቢም «ሰች ግሬት ሃይትስ»ን በጊታር ብቻ፣ በለሆሳስ ደግሞ ዘፈነው፤ ይህም ቅጂ በ2004 «ጋርደን ስቴት» በተባለው ፊልም ገባና ዘፈኑን ለማያውቀው ሕዝብ አደረሰው። ማሽኑን ሁሉ አውልቀው አንድ ጊታር ብቻ ቢተዉለትም ዘፈኑ ቆሞ ሄደ። ዜማው ምን ያህል አጥንት እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም።

የአሜሪካ መንግሥት የፖስታ አገልግሎት እንኳ ሳይቀር ሰማ። በ2003 ስማችንን መጠቀም አቁሙ የሚል የሕግ ደብዳቤ ላከባቸው። ነገሩ ተካሮ ፍርድ ቤት አልደረሰም፤ ተስማሙ። ባንዱ በስሙ እንዲቀጥል ተፈቀደለት፣ በምላሹ ሰዎች ፖስታ እንዲጠቀሙ ሊያስተዋውቅና በፖስታ ቤቱ ኃላፊዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ሊጫወት ተስማማ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሁለት ወጣት ሙዚቀኞች ጋር እንዲህ ሲታረቅ ስንት ጊዜ ታያላችሁ? ዕድል እነዚህን ሰዎች እየተከተለች በራቸውን ታንኳኳ ነበር። እንቅፋት የሚሆንባቸው ነገር ራሱ መንገድ ይሆንላቸው ነበር።

በ2005 አልበሙ የወርቅ ደረጃ አገኘ፣ ይኸውም አሜሪካ ውስጥ 500,000 ቅጂ ማለት ነው። በ2012 ደግሞ ፕላቲነም ሆነ፣ 1,000,000። «ሰብ ፖፕ» ካሳተማቸው ሁሉ በሽያጭ የሚበልጠው የ«ኒርቫና» የመጀመሪያ አልበም «ብሊች» ብቻ ነው። ኒርቫና ማን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ለትርፍ ሰዓት ተብሎ፣ በፖስታ እየተላላኩ፣ ያለ ታላቅ ወጪ የተሠራ ሥራ ከኒርቫና ቀጥሎ ተቀመጠ።

ታዲያ ሁለተኛው ለምን አልመጣም? የሚሰጠው መልስ ጊባርድ ጊዜ አልነበረውም የሚል ነው። ይህን መልስ ፈጽሞ አልቀበለውም። «ጊቭ አፕ» የወጣው በፌብሩዋሪ 2003 ነው አልኩ። በዚያው ዓመት፣ በኦክቶበር፣ «ዴዝ ካብ ፎር ኪውቲ» «ትራንስአትላንቲሲዝም»ን አወጣ። ብዙ አድማጭ የባንዱ ምርጥ ሥራ የሚለው እሱን ነው፣ እኔም እስማማለሁ። አንድ ሰው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በወጡ ሁለት እንዲህ ያሉ አልበሞች ላይ ቃልና ዜማውን አፍስሷል። አንዱ ሌላውን አላደኸየውም። እንዲያውም አንዱ የሌላውን እጅ ያፍታታው ይመስላል፤ በ«ትራንስአትላንቲሲዝም» ውስጥ ያለው ሰፊ ዝምታና ትዕግሥት ከታምቦሬሎ ጥቅሎች ጋር ከተቀመጠባቸው ወራት የተማረው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ እንደሚችል ራሱ አሳይቷል። ጊዜ አልነበረውም ሳይሆን ጊዜ አልሰጠውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ የሚተረክ የለውም። በ2004 ዋናው ባንዱ ለሙዚቃ አሳታሚው «አትላንቲክ» ፈረመ፣ በ2005 «ፕላንስ» ወጣ፣ በ2008 ደግሞ «ናሮው ስቴርስ» የአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ይህ ሁሉ ሊኮራበት የሚገባ ነው፣ ማንም ለራሱ ባንድ ታማኝ ሆነ ተብሎ አይወቀስም። ታምቦሬሎም በ2007 በ«ዲንቴል» ስም «ደም ላክ» የተባለ አልበም አወጣ። በመሃል ሁለቱ አንዳንድ ነገር ይላላኩ ነበር፣ ሁለተኛ አልበም ተጀመረ ተብሎም ተወራ። ግን ጥቅሉ እየሳሳ ሄደ። በ2008 ማብቂያ ጊባርድ ሁለተኛውን አልበም ከእነሱ ከሁለቱ ይልቅ ሌላው ሰው ሁሉ አጥብቆ እንደሚጠብቀው፣ እነሱም ጊዜያቸውን የሚወስድ ሌላ ሥራ እንዳላቸው ተናገረ።

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የተናገረው በክፋት አይደለም፣ ሐቁን ነው። የጎዳኝም ሐቅ መሆኑ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው እጁ ላይ የወደቀለትን፣ ስንት ሙዚቀኛ ዕድሜውን ሙሉ ሲቆፍር ኖሮ የማያገኘውን ነገር፣ ከሌላው ሰው ያነሰ ናፈቀው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ስለዚህ ሰው የተነገረ ይመስለኛል። ከ2003 በፊት ጥቅሉን በፖስታ ሲልኩ፣ ቀን ቆጥረው ሲጠብቁ፣ ሥራው ይደርስ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኢንተርኔቱ ፈጠነ፤ ሙሉ ዘፈን በደቂቃ ውስጥ ከሎስ አንጀለስ ሲያትል የሚደርስበት ዘመን መጣ። መንገዱ ሲያጥር ተጓዡ ጠፋ። ሥራቸውን ያከሸፈው የርቀት ችግር ሆኖ አያውቅም።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ሰው ደጋግሞ ይለዋል። «አንድ ፍጹም ሥራ ይበቃል፤ ሁለተኛ ቢሠሩ ያበላሹት ነበር፤ ባይነካ ይሻላል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ብልህ ይመስላል፣ እኔ ግን የስንፍና ማጽናኛ ነው እላለሁ። መጥፎ ሁለተኛ አልበም የመጀመሪያውን ያጠፋል ያለው ማን ነው? «ጊቭ አፕ» ከወጣ በኋላ ማንም፣ ሠሪዎቹም ጭምር፣ ሊያበላሹት አይችሉም ነበር፤ ተቀድቷል፣ ተሽጧል፣ የሰው ሕይወት ውስጥ ገብቷል። ሊጠፋ ይችል የነበረው የሁለቱ ሰዎች ኩራት ብቻ ነው። ለኩራት ሲባል ያልተሠራን ሥራ «ፍጹምነት» ብሎ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም። ደግሞ «ጊቭ አፕ» ራሱ ፍጹም አይደለም። መሃሉ ላይ የሚያዘግም፣ ትንሽ የሚደክም ቦታ አለ፤ ግጥሙ አልፎ አልፎ ብልህ ለመሆን ሲል ከልብ ይርቃል። እንዲህ ያለ የመጀመሪያ ሥራ የሚጠይቀው ተከታይ ነው። ስህተቱ የሚታረመው በሁለተኛው ነው፣ ድፍረቱም የሚፈተነው በሁለተኛው ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ የበለጠ የሚያቃጥለው። እነዚያ ዘፈኖች የወጣት ዘፈኖች ናቸው። አዲስ ከተማ ስለመግባት፣ ስለ መጀመሪያው ትልቅ መለያየት፣ በአውሮፕላን መስኮት ወደ ታች እያዩ የተዉትን ሰው ስለማሰብ ናቸው። በ26 ዓመቱ የጻፈውን ሰው በ45 ዓመቱ ጻፈው ብትሉት የተሻለ ግጥም ሊጽፍ ይችል ይሆናል፤ ያንን ግን አይጽፈውም። ድምፁም አንድ አይሆንም። ያ ሁለተኛ አልበም መሠራት የነበረበት በ2004፣ ቢዘገይ በ2005 ነበር፤ የወርቁ ደረጃ ገና ሳይመጣ፣ የመጠበቁ ሸክም ሳይከብድ፣ የልምድ ሳይሆን የጉጉት ሥራ ሆኖ ሳለ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው። ያ ዓመት ሲያልፍ አብሮት ያለፈው ነገር በምንም አልተመለሰም።

ቦታውም ባዶ ሆኖ አልጠበቃቸውም። በ2009 በሚኒሶታ ግዛት አዳም ያንግ የተባለ ወጣት፣ በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሙዚቃ መሥራት የጀመረ፣ «አውል ሲቲ» በሚል ስም «ፋየርፍላይስ»ን አወጣ። የሲንተሳይዘሩ ጭውውት፣ የሚያንሾካሹክ የሚመስለው ጥርት ያለ ድምፅ፣ የልጅነት ሕልሙ፤ የሰማው ሁሉ ወዲያው ያስታወሰው «ዘ ፖስታል ሰርቪስ»ን ነበር። ዘፈኑ የአሜሪካ የነጠላ ዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ለአዳም ያንግ ክፉ ቃል የለኝም። ተከፍቶ ያገኘውን በር ገባ፣ ሠርቶ በላ። የሚያሳዝነኝ ያንን በር የከፈቱት ሰዎች ቆመው ማየታቸው ነው። እሱ የሠራው ጣፋጭ ነበር። እነሱ ቢሠሩት ጣፋጩ ውስጥ መራራውም ይኖር ነበር፣ «ናቲንግ ቤተር» ውስጥ ሴቷ የምትመልሰው መልስ ዓይነት። ያ መራራነት ከፖፑ ውስጥ ጎደለ፣ ተተኪም አላገኘም።

የንግድ ማስታወቂያዎችም በሙዚቃቸው ተጠቅመዋል። የ«ሰች ግሬት ሃይትስ» ቅንብር የአንድ ታላቅ የጥቅል ማጓጓዣ ኩባንያ፣ የ«ዩፒኤስ»፣ ማስታወቂያ ውስጥ ገብቶ በመላ አሜሪካ ቴሌቪዥን ተሰማ። ያንን የዕድሜዬን ሙዚቃ የምለውን ድምፅ ነጋዴዎች ምን እንደሚያወጣ ሲያውቁ፣ ባለቤቶቹ ግን ሌላ ሳይሠሩበት ቀሩ።

በ2013 አሥረኛ ዓመቱን ለማክበር አልበሙ እንደገና ታተመ፣ ባንዱም ተሰባስቦ በኮቼላ ፌስቲቫል፣ ቀጥሎም በብዙ ከተሞች ተጫወተ። ከድጋሚ ሕትመቱ ጋር ሁለት አዲስ ዘፈኖች ወጡ፦ «ተርን አራውንድ» እና «ኤ ታተርድ ላይን ኦቭ ስትሪንግ»። ቀዝቅዘው፣ ዘግይተው፣ ያረጀ ነገር ይመስላሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አይደሉም። ሁለተኛው በተለይ ሕያው ነው፤ የጄኒ ሉዊስ ድምፅ ከጊባርድ ጋር ሲገጥም፣ ምቱ ሲንደረደር፣ ያ የድሮው ነገር አለ። እኔን የጨረሰኝ ይህ ነው። ሁለቱ ዘፈኖች ደካማ ቢሆኑ ኖሮ፣ «በቃ፣ አልቆባቸው ነበር» ብዬ ልቤን አሳርፍ ነበር። አላለቀባቸውም። እዚያው ነበር። አስር ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር፣ ማንም ሳያነሳው። ሁለት ዘፈን አውጥተው ስምንቱን፣ አሥሩን፣ ሃያውን ተዉልን።

በዚያው ዓመት ኦገስት ቺካጎ ላይ የመጨረሻ የተባለውን ኮንሰርት አሳዩና ተበተኑ። ከዚያ በ2023 ሃያኛ ዓመቱ ሲደርስ እንደገና ተሰባሰቡ። ጊባርድ በአንድ ምሽት መጀመሪያ ከ«ዴዝ ካብ ፎር ኪውቲ» ጋር «ትራንስአትላንቲሲዝም»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታል፣ ቀጥሎ ከ«ዘ ፖስታል ሰርቪስ» ጋር «ጊቭ አፕ»ን እንዲሁ። ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ሎስ አንጀለስ ሆሊውድ ቦውል፤ ሰው ሞልቶ ነበር። በሃያ ዓመቱ የሰማው አሁን ልጆች አሉት፣ ቃሉን ግን አልረሳም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ በከፊልም ደስ ብሎኛል። ግን አዳራሽ የሚሞላ ባንድ፣ አዳራሹ ሲሞላ የሚጫወተው ከሃያ ዓመት በፊት የላካቸውን አሥር ጥቅሎች ብቻ ከሆነ፣ እዚያ መድረክ ላይ የሚታየው የተሠራው ብቻ አይደለም፤ ያልተሠራውም አብሮ ይቆማል። አንድ ሙሉ ምሽት ለመሙላት የሌላ ባንድ አልበም መጨመር ያስፈለገው በምን ምክንያት ነው? ሁለተኛው ስለሌለ ነው፣ ሦስተኛውም ስለሌለ።

ጥፋቱን ማን ላይ እንደምጥል ለረጅም ጊዜ አስቤበታለሁ። ታምቦሬሎ ላይ አልጥልም፤ እሱ ሲልክ ነበር። አሳታሚው ላይ አልጥልም፤ ቢያገኘው በደስታ ያሳትመው ነበር። ጊባርድ ነው። የዋናው ባንዱን ሥራ ለትርፍ ጊዜ ሥራው ብሎ እንዲተው የጠየቀው የለም፤ የ2003ቱን ጉልበት ለአንድ ዓመት ብቻ ቢደግመው ይበቃ ነበር። አላደረገውም። ያወጣውን አልበም እወድለታለሁ፣ ዛሬም ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ያላወጣውን ግን ይቅር አልለውም።